አራት ወር ቀድሞ የመጣ ወሬ

እንኳን ደስ ያለሽ! ዛሬ ይህን ቃል ማንም ሳይልሽ እንደዋለ እገምታለሁ፤ ስለዚህ እኔ ልጀምር።

አምስተኛ ወርሽ ላይ ነሽ። ከዳምቦያ ተነስተሽ ለአልትራሳውንድ ሆሳዕና ሄደሻል። ባለሙያው መጀመሪያ ላይ ጨዋታ አያልቅበትም ነበር። «ይኸው ልቡ፣ ይኸው እግሩ» እያለ ሲያሳይሽ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። መሣሪያውን ሆድሽ ላይ አንድ ቦታ ያመላልሰው ጀመር። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «የላይኛው ከንፈር ላይ ክፍተት ይታየኛል፤ ላንቃውንም ሳይነካው አይቀርም» አለሽ። ጄሉን በሶፍት ጠረግሽ፣ ነጠላሽን አስተካከልሽ፣ ወጣሽ። መኪና ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቅሽ ሁለቴ መድገም ነበረበት።

እንዲህ ያለ ቀን ላሳለፈች ሴት የምለው አንድ ነገር ነው። ወሬው ከባድ ነው፤ ግን ቀድሞ መጥቷል። ከንፈሩ ወይም ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ የወለዱ አብዛኞቹ የአገራችን እናቶች ነገሩን ያወቁት ምጥ ባደቀቃቸው ሰዓት፣ ልጁን ሲታቀፉ ነው። ያን ጊዜ ለመጠየቅ አቅም የለም፣ ለማልቀስም ፋታ የለም፤ ጠያቂው ደጁን ሞልቶታል፤ ሕፃኑ ይርበዋል፣ መጥባት ያቅተዋል። አንቺ ግን ከፊትሽ አራት ወር አለሽ። በአራት ወር ውስጥ ብዙ ነገር መማር፣ ብዙ ሰው ማዘጋጀት፣ ትንሽ ገንዘብም ማጠራቀም ይቻላል። ይህ ጊዜ በለቅሶ ብቻ ቢያልቅ ያሳዝነኛል። ማልቀሱን አልከለከልኩሽም፤ አልቅሺ። ከዚያ ፊትሽን ታጠቢና እንነጋገር።

በመጀመሪያ ጥፋተኛ መፈለጉን ተዪው። የሕፃን ፊት ከተለያዩ ክፍሎች እያደገ መጥቶ መሐል ላይ ይገጥማል። ከንፈር የሚሠራው በእርግዝናው ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ነው፤ የአፍ ጣሪያ ማለትም ላንቃ ደግሞ ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ሳምንት። ብዙዋ ሴት እኮ በዚያ ጊዜ ማርገዟን እንኳ በቅጡ አላረጋገጠችም! በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ሁለቱ ጎኖች ሳይገጥሙ ከቀሩ ክፍተቱ ይኖራል። የመጋጠሙ ሥራ ለምን እንደተጓደለ ለአንድ ልጅ ለይቶ መናገር ብዙ ጊዜ አይቻልም። በዘር የሚመጣ ድርሻ አለው። ሲጋራ ማጨስ፣ ከእርግዝና በፊት የነበረ ስኳር በሽታ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል። (የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ይህን አንብበሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ፤ ሐኪምሽን አማክሪ።) የጎረቤት ዓይን ግን ከንፈር አይሰነጥቅም። ያየሽው እንስሳ፣ የተሻገርሽው ወንዝ፣ ያልበላሽው አምሮት ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ብቻሽንም አይደለሽ። በዓለም ላይ ከሚወለዱ 700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል። በኢትዮጵያ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ልጆች ስለሚወለዱ፣ በዚህ ስሌት በየዓመቱ ከ4 ሺህ በላይ እናቶች ያንቺን መንገድ ይጀምራሉ። ታዲያ የት ናቸው? ካልሽ፣ ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ናቸው። ልጁን በነጠላ ሸፍነው ወይ ከሰው ዓይን ሸሽገው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ዳምቦያም ሆነ ሆሳዕና አብዛኛው ሰው ወንጌል አማኝ ነውና «የማን ኃጢአት ነው?» የሚል ጥያቄ ከሩቅም ከቅርብም ሊመጣብሽ ይችላል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀዋል፤ ጌታ የመለሰላቸውም እሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ ነው። ስለ እርግማን የሚያወራልሽ ሰው ሲመጣ ምዕራፉን አውጥተሽ ስጪው፣ ራሱ ያንብበው። ጸልዪ፣ አስጸልዪ፤ ጸሎትና ሆስፒታል ተጣልተው አያውቁም። «ሆስፒታል አትሂጂ፣ እምነትሽ ይጎድላል» የሚልሽ ካለ ግን እኔ በበኩሌ እሱን ሰው አልሰማውም፤ አንቺም ባትሰሚው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሥራው። ባለሙያው ሲነግርሽ ጆሮሽ ተደፍኖ ነበር፤ ስለዚህ ሌላ ቀን ያዢና ተመልሰሽ ሂጂ፤ ብቻሽንም አትሂጂ። ክፍተቱ በአንድ በኩል ነው በሁለቱም? ከንፈር ላይ ብቻ ነው ወይስ ወደ ድዱ ገብቷል? ላንቃው በአልትራሳውንድ ጥርት ብሎ ስለማይታይ «እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ ቢመልስልሽ አትናደጂበት፤ ሐቁን ነው የነገረሽ። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ አከርካሪው፣ እጅና እግሩ ደህና ናቸው? አብዛኞቹ ልጆች ከከንፈርና ከላንቃው በቀር ሙሉ ጤነኛ ናቸው። አንዳንዶች ላይ ግን ሌላ ችግር አብሮ ሊኖር ይችላልና በደንብ መታየት አለበት። በየጤና ጣቢያው አዋላጆች የሚሠሩበት አነስተኛ አልትራሳውንድ የልብ ምቱን፣ የልጁን አቀማመጥ፣ የእንግዴ ልጁን ቦታ ለማየት ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ ይኖርብሻል። ሆሳዕና ላይ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። እሌኒ የሀዲያ ልጅ ነበረች፤ ከአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ቤት ገብታ፣ ከዚያም ለልጅ ልጆች ሞግዚት ሆና፣ ወደ ፖርቹጋል መልእክተኛ እስከ መላክ የደረሰች ንግሥት ናት። በስሟ በተጠራ ሆስፒታል ደጃፍ አንገትሽን ደፍተሽ አትግቢ።

አወላለዱን በተመለከተ ደግሞ የተሰነጠቀ ከንፈር ብቻውን ለኦፕሬሽን ምክንያት አይሆንም። በምጥ መውለድ ትችያለሽ፤ ቤት ውስጥ ግን አትውለጂ። አዋላጇ ቀድማ ካወቀች ልጁ ሲወጣ አትደነግጥም፣ አንቺንም አታስደነግጥሽም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢው። የእነዚህ ልጆች የመጀመሪያው ፈተና ረሃብ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከብዙ ወር በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ረሃቡ ግን በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል። ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ልጅ ብዙ ጊዜ ጡት መጥባት ይችላል፤ ጡትሽ ራሱ ክፍተቱን ይደፍንለታል። ላንቃው ከተሰነጠቀ ግን አፉ ውስጥ አየሩ ስለሚያመልጥ ወተቱን ስቦ ማውጣት አይችልም። ጡቱን ጎርሶ አፉን ሲያንቀሳቅስ እየጠባ ይመስላል፤ ሲደክመው ይተኛል፤ እናት ጠገበ ትላለች። ልጁ ግን በየቀኑ እየከሳ ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሞኘው።

መፍትሔው ቤትሽ ውስጥ፣ ረከቦቱ ላይ ተደርድሯል። ሲኒ ነው። ልጁ እንደተወለደ እንገሩን፣ ከዚያም ወተቱን በእጅሽ አልበሽ በፈላ ውኃ በተቀቀለ ሲኒ ታደርጊያለሽ። ልጁን አታጋድሚው፤ ቀጥ አድርገሽ ጭንሽ ላይ አስቀምጪና ጀርባውንና አንገቱን በአንድ እጅሽ ደግፊ። የሲኒውን ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፊ። ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ አዘንብይውና ጠብቂ። አፉ ውስጥ አትገልብጪበት። ምላሱን ወጣ አድርጎ እንደ ድመት ግልገል ይልሰዋል፤ ይውጣል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ይልሳል። በየመሐሉ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ አስገሺው፤ ብዙ አየር ነው የሚውጠው። ወተት በአፍንጫው ቢወጣ አትጩሂ። አፍንጫና አፉ ገና ስላልተለያዩ ነው፤ ጠርገሽለት፣ ትንሽ አሳርፈሽ ቀጥዪ። አንዱ ምግብ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይሂድ፤ ከዚያ ካለፈ የጠጣውን ያህል ጉልበት ለመጠጣት ይጨርሳል። ደጋግመሽ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ሌሊትም ጭምር። ተጨምቆ ወተት የሚያወጣ ለስላሳ ጡጦ የሚሰጥ ሆስፒታል ካገኘሽ እሰየው። ካላገኘሽም ሲኒው ይበቃል።

ይህን አሁኑኑ መለማመድ ትችያለሽ። ቡና ከተጠጣ በኋላ ሲኒ አንሺና ውኃ ጨምረሽ እንዴት ጠብታ በጠብታ እንደሚዘነበል እጅሽን አስለምጂው። ወተት በእጅ እንዴት እንደሚታለብ አዋላጇ ታሳይሽ፤ ማለቡን ግን ከወለድሽ በኋላ ጀምሪ። ባለቤትሽም ይማር፣ እናትሽም ትማር፤ ሌሊት ሌሊት ተራ መያዝ ያስፈልጋል። ለአንቺ ቡላ ገንፎው፣ አጥሚቱ እንደ ወጉ ይምጣልሽ፤ ለልጁ ግን እስከ ስድስት ወሩ የጡት ወተት ብቻ። ቅቤ ማስላሱ፣ የአብሽ ውኃው ለማንም ሕፃን አይጠቅምም፤ ላንቃው ክፍት ለሆነ ልጅ ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ይብሳል። «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» የሚልም አይጠፋም። በጭራሽ! ሐኪሙ ነገ ሰፍቶ ላንቃ የሚሠራበትን ሥጋ ነው ቆርጠው የሚጥሉት።

ሥራሽ መሳካቱን የምታውቂው በሚዛን ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀንሳል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ የተወለደበትን ክብደት መመለስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። ጤና ኬላ ወስደሽ በየሳምንቱ አስመዝኚው። ቁጥሩ ካልወጣ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ይህን ያህል ስለ ክብደት የማወራው ቀዶ ሐኪሞች የሚያዩት እሱን ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ የሚከተሉት የቆየ መመሪያ በአስር ቁጥር ላይ የቆመ ነው፤ ልጁ 10 ሳምንት ይሙላው፣ የደሙ ሄሞግሎቢን 10 ይድረስ፣ ክብደቱ 10 ፓውንድ ማለትም 4.5 ኪሎ ገደማ ይሁን። ሰው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ «ክብደቱ አልሞላም፣ አብልታችሁ መልሱት» ተብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው። 4.5 ኪሎ! ወረቀት ላይ ጻፊና ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ አልዋሽሽም። ከንፈሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይሰፋል። ላንቃው ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት ከመንፈቅ ባለው ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያ ባይዘገይ ጥሩ ነው፣ ልጁ አፉን የሚፈታበት ጊዜ ነውና። ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀም ስለሚችል መስማቱ ይታያል። ቃላት በአፍንጫው የሚወጡበት ከሆነ የንግግር ሕክምና ያስፈልገዋል። ጥርሱም ክትትል ይፈልጋል። የሐምበሪቾ ተራራን 777 ደረጃ የወጣ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ ከታች ሆኖ ጫፉን የሚያይ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ የእግሩን ሥር እያየ የሚወጣ ግን ሳያውቀው ይደርሳል። አንቺ ዛሬ የሚጠበቅብሽ የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

ሕክምናው አለ ወይ? አለ፤ ያውም በነፃ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ከሰማዕታት ሐውልቱ አጠገብ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆችን ያክማል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ኦፕሬሽን ስማይል የተባለው ድርጅት ሲሠራ ቆይቷል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ቀዶ ሕክምናዎችን የደገፈው ስማይል ትሬይን ደግሞ በአገራችን ካሉ ሆስፒታሎች ጋር አብሮ ይሠራል፤ አሠራሩ ደስ ይለኛል፣ የውጭ ሐኪም በአውሮፕላን ከማመላለስ ይልቅ የአገሩን ሐኪም አሠልጥኖ ወጪውን ይሸፍናል። ፕሮጀክት ሐረር የተባለው ሌላ ድርጅት ከገጠር የሚመጡ ታካሚዎችን ፈልጎ በማምጣትና በመጓጓዣ በመርዳት ይታወቃል። ለአንቺ የሚቀርበውንና በዚያ ወቅት አገልግሎት የሚሰጠውን የሆሳዕናው ወይም የዱራሜው ሆስፒታል ሐኪምሽ ይንገርሽ፤ የሪፈር ወረቀትሽንም እዚያው አጽፊ።

ቀዶ ሕክምናው ነፃ ነው ማለት ግን ጉዞው ነፃ ነው ማለት አይደለም። የመኪና ሂሳብ፣ የአልጋ፣ የምግብ፣ አብሮሽ የሚሄደው ሰው የሥራ ቀን አለ። ስለዚህ ዛሬ ዕቁብ ግቢ። ትንሽ ይሁን፣ በሳምንት የምትችይውን። ዕጣሽን ቶሎ ለማውጣት አትሽቀዳደሚ፤ መጨረሻ ላይ ቢደርስሽ ይመረጣል፣ ልጁ ለሕክምና ሲደርስ ብሩም ይደርሳልና። አዲስ አበባ ያለ ዘመድሽንም ከአሁኑ አነጋግሪው። ቀድመሽ ከነገርሽው ዘመድ ይልቅ በዋዜማው የደወልሽለት ዘመድ ነው የሚቀየመው።

ስለ መንገር ካነሳን ዘንዳ፣ ለባልሽም ንገሪው። ከዚህ አካባቢ የሄደ ጎልማሳ የማይገኝበት የደቡብ አፍሪካ ከተማ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የአንቺም ባል እዚያ ሱቅ ጠባቂ ሆኖ ማታ ማታ በኢሞ የሚደውል ከሆነ፣ «ሥራ ላይ ነው፣ ለምን አስጨንቀዋለሁ» ብለሽ አትደብቂው። ሲወለድ የአጎት ልጅ ፎቶ አንስቶ ሳይነግርሽ ይልክለታል። ያን ጊዜ ድንጋጤውም ቅያሜውም እጥፍ ነው። አሁን ንገሪው። ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ የተነሱ የልጆች ፎቶዎችን አብራችሁ እዩ። አንድ ልጅ ሁለት ፎቶ ላይ ሲታይ ማመን ያስቸግራል፤ በአንድና በሁለት ሰዓት ሥራ የመጣ ለውጥ ነው። ወንድ ልጅ ደግሞ «ምን ላድርግ?» ሲል ሥራ ስጪው። ገንዘቡን እሱ ይያዝ፣ ስልክ የመደወሉን፣ የሆስፒታሉን ቀጠሮ የመጠየቁን ነገር እሱ ይምራው።

አማትሽን ደግሞ ቀድመሽ በወገንሽ አሰልፊያት። ልጅ የምትታቀፈው፣ ጠያቂ የምታስተናግደው እሷ ናት። እሷ «የልጅ ልጄ ሐኪም ያለው ልጅ ነው» ካለች መንደሩ ይህንኑ ይላል። እሷ ፊቷን ካዞረች የአንቺ ማስረዳት ብዙም አይረዳም።

«የእኛ ሰው አይለወጥም» አትበይኝ። ይህ አገር ከዚህ የከበደ ነገር ለውጧል። የከምባታዋ ልጅ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከአሜሪካ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ከምባቲ መንቲ ጌዚማ የተባለውን ድርጅት ሲመሠርቱ፣ የሴት ልጅ ግርዛት በአደባባይ የማይነሳ፣ ሳይደረግ ደግሞ የማይታለፍ ወግ ነበር። ሰብስበው አልተቆጡም። ሕዝቡን ምን ቸገራችሁ? ብለው ጠየቁ፤ ድልድይ ተባሉ፤ በመጀመሪያ ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ ሽማግሌው፣ እናቱ፣ ወጣቱ፣ የሃይማኖት አባቱ ክብ ሠርተው ለወራት ለዓመታት ተነጋገሩ። አልተገረዝኩም ብላ ደረቷ ላይ ጽፋ ያገባች ሙሽራ እስክትታይ ድረስ። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 አርፈዋል፤ ክብ ሠርቶ መነጋገሩን ግን እዚሁ ትተውልን ሄደዋል። ለዘመናት የኖረን ወግ በንግግር ያነሳ ሕዝብ ስለ አንድ ሕፃን ከንፈር መነጋገር አያቅተውም። ዕድሩ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን የእናቶች ፕሮግራም ላይ፣ ቡና ላይ አንቺው ራስሽ አንሺው። «ልጄ ከንፈሩ ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ በተወለደ በጥቂት ወር ይሰፋለታል፤ እስከዚያ በሲኒ ነው የማጠጣው።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ደጋግመሽ ስትዪው ድምፅሽ መንቀጥቀጡን ያቆማል። ሐሜት የሚበላው አጥቶ ይሞታል፤ ምን ብሎ ያውራ? አንቺ ጨርሰሽዋል።

ስለ ወደፊቱ ስታስቢ ደግሞ ጥቂት ሰዎችን ላስተዋውቅሽ። ከ1600 ዓመት በፊት በቻይና ዌይ ያንግ ቺ የሚባል ከንፈሩ የተሰነጠቀ የ18 ዓመት ወጣት ነበር። የሚሰፋ ሐኪም እንዳለ ሰምቶ ከሩቅ ተጓዘ። ሐኪሙም እሰፋልሃለሁ፣ ግን ለ100 ቀን ቀጭን ገንፎ ብቻ ትበላለህ፣ አትናገርም፣ አትስቅም አለው ይባላል። ወጣቱ ተስማማ፤ ተሰፋ፤ በኋላ የብዙ ግዛቶች ገዥ ሆነ። ያኔ ማደንዘዣ የለም! ሕንድ ውስጥ ደግሞ ፒንኪ የምትባል የድሃ ገበሬ ልጅ ነበረች፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ስለነበር ትምህርት ቤት አትሄድም። በነፃ ከተሠራላት በኋላ ስለ እሷ የተሠራው አጭር ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 ኦስካር አገኘ፤ በ2013 ደግሞ ዊምብልደን የወንዶች ፍጻሜ ላይ ሳንቲሙን የጣለችው እሷ ነበረች። ሦስተኛው ጀርመናዊው ፈላስፋ ዩርገን ሀበርማስ ነው። ላንቃው ተሰንጥቆ ተወለደ፤ በልጅነቱ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ትምህርት ቤት ንግግሩ አልገባ እያላቸው ልጆች ይቀልዱበት ነበር። ይህ ሰው ካደገ በኋላ ዕድሜውን የሰጠው ሰዎች ተነጋግረው እንዴት እንደሚግባቡ ለሚያጠና ፍልስፍና ነው፤ የልጅነቱ ገጠመኝ ወደዚያ ሐሳብ እንደመራውም ራሱ ተናግሯል። ልጅሽ ፈላስፋ ይሁን አላልኩም። ጥሩ አናጢ፣ ጥሩ መምህርት፣ ጥሩ ዘማሪ ቢሆን ይበቃናል።

ሌላም ልጅ ስለ መውለድ ታስቢ ይሆናል። እናትና አባት ራሳቸው ችግሩ ከሌለባቸው፣ ቀጣዩ ልጅ ላይ የመደገሙ ዕድል ብዙውን ጊዜ ከ100 ከ2 እስከ 5 ነው። ማለትም ከ100 ከ95 በላይ አይደገምም። ከማርገዝሽ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ፎሊክ አሲድ ጀምሪ፤ ለአከርካሪና ለጭንቅላት ጥቅሙ የተረጋገጠ ነው።

ይህን ጽሑፍ ነፍሰ ጡር ሳትሆኚ ያነበብሽው እህቴ፣ ወይም ወንድሜ፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ወደተወለደበት ቤት ስትገቡ እንደ ማንኛውም ቤት «እንኳን ጌታ ረዳሽ!» በሉ። ልጁን አቅፋችሁ ፊቱን እዩት፣ ዓይኑ ማንን እንደመሰለ ተከራከሩ። «ምን ሆኖ ነው?» ከማለት «በሲኒ ላጠጣልሽ፣ አንቺ ትንሽ ተኚ» ማለት ይበልጣል። የአምስትና የአሥር ዓመት፣ የሃያ ዓመትም ሆኖት ሳይሠራለት ቤት የተቀመጠ ሰው ካወቃችሁ ጊዜው አላለፈበትም፤ ከንፈር በማንኛውም ዕድሜ ይሰፋል፣ አዋቂም ይታከማል። ንገሩት።

አንቺ ደግሞ ነገ ጠዋት ጤና ኬላ ሂጂና የተባልሽውን ሁሉ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ንገሪያት፤ ስምሽን፣ የመውለጃ ወርሽን፣ የሪፈር ነገርሽን ትመዝግብልሽ። አራቱ ወር ከነገ ይቆጠራል።